በየቀኑ ቴኒስ ስለሚጫወቱ የጋይንት ልጆች

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ለአቶ ማሩ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተሰጠን ዜሮ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ሳምንት በምርኩዝ እያዘገምሁ ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ከወንበርዎ ሳይነሡ አነጋግረውኛል። እርስዎን የመሰለ የተማረ ሰው ወገቡን ሕመም ካልያዘው በቀር ለሽማግሌ ሳይነሣ እንደማይቀር ስለማምን፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለወገብዎ ምሕረት እየለመንሁ ነው።

ይህን ደብዳቤ አጥርዎ ላይ የለጠፍሁት «አባቴ፣ ይህ የእንግሊዝኛ ጉዳይ ነው፤ ለእርስዎ ይከብዳል» ብለው ስለሸኙኝ ነው። እውነትዎን ነው። እኔ ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈውን እያየሁ ነው፤ እንግሊዝኛ አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ በአማርኛ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር የሆኑት መምህር ካሴ፣ ሰው ዘወትር የሚያደርገው ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር ስላስተማሩ አመሰግናለሁ። የልጅ ልጄ የሻረግ ትምህርቱን እርሻ ድረስ ይዛው ወርዳ፣ እርፍ ጨብጣ «አይ ፕላው፣ ዩ ፕላው፣ ሺ ፕላውስ» እያለች ከጠቋርና ከቦራ ኋላ ስታነበንብ፣ በሬዎቹም ለፈተና የሚቀመጡ ይመስሉ ነበር። እርፍ የጨበጠችው አባቷ፣ ልጄ አበጀ፣ ካረፈና የእኔም ጉልበት በትልም ውስጥ መሄድ ካቃተው ወዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ትማራለች፤ ጠዋት፣ በዓል ካልሆነ፣ ታርሳለች። ሴት ያረሰችው መሬት አያበቅልም የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩን፤ ገብሱ ከደረሰ ወዲህ ስለ ዝናብ ማውራት ጀምረዋል።

፪. መምህር ካሴ ተማሪዎቹ ዘወትር ስለሚያደርጉት ነገር አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዙ። የሻረግ «ጠዋት ጠዋት መሬታችንን አርሳለሁ» ብላ ጻፈች። እሸቱ የሚባለው የክፍል ጓደኛዋ ከመጽሐፉ ቀድቶ «በየቀኑ ቴኒስ እጫወታለሁ» ብሎ ጻፈ። ለእሸቱ ሙሉ ነጥብ ተሰጠው። ቴኒስ ምን እንደሆነ ብጠይቀው «እንጃ፣ አባባ፤ ብቻ የሚበላ አይደለም» አለኝ። ከንፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ ይህን ጨዋታ በየቀኑ የሚጫወት ሰው ካለ ይቅረብና እታረማለሁ። የሻረግ ግን ዜሮ አገኘች፤ መምህሩ የጻፈችውን በቀይ ሰርዘው ከበላዩ «ምግብ አበስላለሁ» የሚል እንግሊዝኛ ጻፉላት። ሰዋስዉ ላይ ምንም ስሕተት እንደሌለ እርስዎ ራስዎ ደብተሯን አይተው መስክረውልኛል። እንግዲህ ጥፋቷ የምታደርገውን መጻፏ ነው።

፫. ልጅቱ ተነሥታ «መምህር፣ እውነቴን ነው» ብትል፣ መምህር ካሴ ዐረፍተ ነገሯን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለክፍሉ ሁሉ አነበቡና «ሴት ልጅ ታርሳለች እንዴ? እስቲ እጅሽን አሳይን» አሉ። አሳየች። መጀመሪያ የሳቁት መምህሩ ናቸው፤ ክፍሉም ተከተላቸው። እኔ በዕድሜዬ የሚያስጸይፍ ነገር ብዙ አይቻለሁ፤ ፀሐይ ላይ የሰነበተ የበሬ ሬሳ ጎትቻለሁ። የልጅን የተላጠ መዳፍ አይቶ እንደሚስቅ አስተማሪ ግን ያቅለሸለሸኝ የለም። ከዚያ ወዲህ እነ እሸቱ መንገድ ላይ እየጠበቁ «ጋሼ የሻረግ! በሬዎችዎ ደኅና አደሩ?» ይሏታል። እሷም ደብተሯን ጣራው ሥር ሰክታ ትምህርቱን ተወች። ፈተናው በሰኔ ነው፤ አሁን ግንቦት ተጋምሷል።

፬. ለእርስዎም የተለየ ምስጋና አለኝ። አቤት ብልዎ «ፈተና ላይ የሚጠበቀውን መጻፍ ትልመድ» አሉኝ። ይህን ያሉኝ በመግቢያው ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የታቀፈች ሴት ተማሪ በተሣለችበት ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ስወጣ ቆሜ አየኋት። መዳፏ ልስልስ ነው፤ አፏም አይናገርም። ትምህርት ቤትዎ የሚፈልጋት ተማሪ እሷ እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። መምህር ካሴ በዚያው ክፍል ፊት ቆመው ያንኑ ዐረፍተ ነገር እንደገና ያንብቡት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሳይስቁ። ነጥቡን ከፈለጉ ለእሸቱ ይጨምሩለት፤ ለቴኒሱ ብርታት ይሆነዋል። ይህ በተደረገ ማግሥት የሻረግን ይዤ እመጣለሁ። እሷ «በፍጹም አልመለስም» ብላኛለች፤ እኔን ግን ታውቀኛለች። ካልተደረገ ደግሞ አጥርዎ ረጅም ነው፤ እኔም ወረቀት አላጣም።

የወንበርዎ ምቾት ሳይጓደል፣ ለሽማግሌ ለመነሣት የሚበቃ ወገብ ብቻ እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና ከአጥርዎ ማዶ እጅ እነሣለሁ።

አገኘሁ ተክለ ሃይማኖት
የባለ ዜሮዋ ተማሪ አያት

ግልባጭ
ለወላጆች ሁሉ
በአጥሩ ሥር ለሚያልፍ ገበያተኛ
ለስፖርተኛው ለእሸቱ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መምህር ካሴ ሰምተው አያውቁ እንደሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን የእናታቸውን የወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን መሬት፣ ምርቱን እኩል ልንካፈል ተስማምተን የምናርሰው እኛ ነን። አምና ያረሰችው የሻረግ ናት፤ እናታቸው ዳር ቆመው ሲመርቋት ውለዋል። መምህሩ በየእረፍቱ የሚበጠብጡት በሶ የዚያ ማሳ ገብስ ነው። ቀጥሎ የሚያስተምሩት ትምህርት አሁን በመደረግ ላይ ያለ ነገር የሚነገርበት እንደሆነ ከልጆቹ ሰምቻለሁ። ምሳሌ እንዳይቸገሩ ከእኔ አንድ ይውሰዱ፤ እንግሊዝኛውን እርስዎ ያግዟቸው፦ «መምህር ካሴ ሴት ልጅ ያረሰችውን እየበሉ ነው»።