ቢቸና ተኝቶ ሞጣ መገበያየት

ዓርብ፣ ጥር 25 ቀን 2010

የጠዋት ቆጠራ፦ ቢቸና አርባ ኩንታል ጤፍ፤ ሞጣ ሃያ ሁለት። የሞጣውን ያየሁት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው። እህቴ የሻረግ እዚያ የገዛችውን ጤፍ ስልኳ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ትሞላለች፤ ወዲያው በእኔም ስልክ ላይ ይታያል። ወገቤ ከተያዘ ወዲህ ሐኪሙ መኪና እንዳልሳፈር ከልክሎኛል።

የሚጠቅመው፦ ሠንጠረዡ። የድምፅ መልእክትም፤ የሻረግ መጻፍ ይሰለቻታል። ፎቶ ግን ለጤፍ አይሆንም። ቀይ የተቀላቀለበትን ሰርገኛ ሁሉ ነጭ ያስመስለዋል። መዳፉ ላይ አሽቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የሞጣው መጋዘን የኪራይ ውል በዚህ ወር ያልቃል። ከዚህ ሆኜ መምራት ካልቻልኩ እዘጋዋለሁ። የሻረግ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነው። አልነገርኳትም። ሳታውቅ ግን አትቀርም።

ቅዳሜ፣ ጥር 26

ተበላሸ። የሞጣ ገበያ ነበር። በስንት እንደምትጀምርና ከስንት እንዳታልፍ ጠዋት በድምፅ ላክሁላት። ሚዛን ላይ ስለነበረች ስልኩን ጆንያ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው፤ ገበሬው ሁሉ ዙሪያዋን ቆሞ። ድምፄ መጋዘኑን ሞላው። ከዚያ ወዲያ ከመጨረሻው ዋጋ በታች የሚሸጥ ጠፋ። አንድ ሽማግሌማ "ወንድምሽ ከቢቸና የፈቀደውን አንቺ ትከለክያለሽ?" ብለው ሰውን አሳቁባት።

ደውዬ ተቆጣሁ።

"ታዲያ በጆሮዬ ንገረኝ እንጂ እንደ አዋጅ ነጋሪ አትጩህ፣ ወንድምዓለም!" ብላ ዘጋችው።

እሷ በዚያ ዋጋ አልገዛም አለች፤ እነሱም ጤፋቸውን ጭነው ሄዱ። ሠንጠረዡ ባዶ ዋለ።

እሑድ፣ ጥር 27

አንድ ዘዴ መጣልኝ። "ከነገ ጀምሮ መግዛት አቁሚ" ብዬ በድምፅ ልላክላት፤ ጮክ አድርጋ ታሰማቸው፤ ይደንግጡ። እውነተኛውን ዋጋ በጽሑፍ እልክላታለሁ። ደውዬ ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "አንተ ተናግረህ ትተኛለህ። እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር ወፍጮ ቤት እገናኛለሁ፣ ለቅሶ እገናኛለሁ። ውሸትህን በኔ መጋዘን አላሰማም። ይልቅ ዋጋውን ለኔ ተወው፤ ጤፉን የማየው እኔ ነኝ።"

"በኔ መጋዘን" አለች። ደጋግሜ አሰብኩት። ስልኩ ድምፄን ሞጣ ያደርሳል። ሰው ፊት የምትቆመው ግን እሷ ናት። "እሺ" አልኳት፤ በጽሑፍ።

ሰኞ፣ ጥር 28

ኢንተርኔት ጠፍቶ አረፈደ። መደወል ይቻል ነበር፤ ስልኩን ሁለቴ አንስቼ መለስኩት። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ሠንጠረዡ ተሞልቷል፦ አሥራ አንድ ኩንታል፣ በሦስት ዓይነት ዋጋ። እኔ ቅዳሜ ለሁሉም አንድ ጣሪያ ነበር የሰጠኋት። እሷ ለንጹሑ ነጭ ጨምራ ሰርገኛው ላይ ቀንሳለች። የቅዳሜው ሽማግሌም ተመልሰው ሸጠዋል።

"ምን አሉሽ?" አልኳት።

"'ዛሬስ ወንድምሽ ተኝቷል?' አሉኝ። 'እንዳይቀሰቅሱት' አልኳቸው።"

ሳቅኩ፤ ወገቤን አመመኝ።

አንደኛው ዋጋ ከኔ ጣሪያ በላይ ነው። ያን ያህል ሊከፈልበት ይገባ እንደሆነ አላውቅም፤ ጤፉን አልነካሁትም። ዋጋውን እንዳለ ተውኩት።

ነገ፦ ለሞጣው አከራይ መደወል፤ ውሉ በየሻረግ ስም እንዲታደስ።