የድንቹ ምስክሮች

አዘና፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እዚያ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሙቀቱ በርዶልህ ይሆን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባባ ግን ሊያሳብዱኝ ነው። ስልክህ ስለማይነሳ ይህን ጽፌ ለሰሊጥ ነጋዴው ለእንየው ሰጥቼዋለሁ።

ነገሩን ያመጣው ሬዲዮ ነው። የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ሊነግዱ ተስማሙ፣ ስምምነቱም ጸና ሲባል አባባ ሰሙ። በሳምንቱ ድንቹን በሙሉ አስቆፍረውን ሱዳን ካልወሰድሁ አሉ። እንጅባራም ዳንግላም ገበያ አለ ብል ማን ሊሰማኝ!

ወደ ውጭ ለሚሸጥ ነገር የአገር ምርት መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈልጋል ያላቸው ሰው ነበር። ንግድ ቢሮ የሚሰጠው ወረቀት እኮ ነው። እሳቸው ግን የድንበር ክርክር ያለባቸው ይመስል ምስክር ቆጠሩ። ጎረቤቶቻችን እነ ወገኔ፣ እነ ይኸነው፣ ቄስ ገብረ ማርያምም ሳይቀሩ፣ ድንቹ በጎረቤታችን በአበረ ማሳ ሲበቅል በዓይናችን አይተናል ብለው በአሻራቸው ፈረሙ። ቀበሌውም ማኅተም መታበት! አፍሬ መሬት ልገባ ነበር።

መተማ ላይ የጉምሩኩ ሰው አንብቦ ሲጨርስ በሳቅ ፈረሰ አሉ። ስምምነቱ ተፈረመ እንጂ ንግዱ ገና አልተጀመረም ብሎ አስረዳቸው። አንድ ነጋዴ ድንቹን እዚያው ልግዛዎት ቢላቸው፣ ገዳሪፍ ካልሆነ አይሸጥም ብለው እምቢ! ድንቹስ ይቅር፣ እርስዎ ፓስፖርት አለዎት ወይ ሲባሉ፣ ዕቃ በነጻ ካለፈ ባለ ዕቃው በምን ይከለከላል ብለው ተሟገቱ። አምስት ቀን ወደ ሱዳን በሚያሻግረው ድልድይ አጠገብ ተቀመጡ። ድንቹ በሙቀት በሰበሰ። ጎንበስ ብዬ የኮተኮትሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት አልናደድ!

ድንቹን የጫነው ሾፌር ነጋ እንደነገረኝ፣ ከወዲያ ማዶ የሚሻገረውን ጎልማሳ ሁሉ እያስቆሙ ፊቱን ያዩ ነበር። ሲመለሱ ማንን ነበር የሚፈልጉት ብላቸው፣ ገዢ ነዋ አሉኝ።

አንተም ብትሆን ጥፋተኛ ነህ። ፈረሳቸውን ሳታስፈቅድ ሸጠህ የሄድህ ጊዜ፣ ደጄን እንዳትረግጥ ብለው ማሉ። መሐላቸውን እንደማያፈርሱ ታውቃለህ። ና ብለው አይልኩብህም፤ እኔንም ላኪበት አላሉኝም።

ዛሬ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው የፓስፖርት ፎቶ ሊነሱ እንጅባራ ሄዱ። በሰባ አራት ዓመታቸው! ከደረጃው ላይ እንኳ ተደግፈው ነው የሚወርዱት። እባክህ ከዚህ ጣጣ ገላግለኝ። የመተማ ድልድይ የማንም ደጅ አይደለም።

ጊዮርጊስ ከፊትህ ይቅደም፣ እጅህ የያዘውን ይባርክልህ።

የተናደደችብህ ታናሽ እህትህ