ዓርብን ስለማያውቀው ላፕቶፕ

ለክቡር የአስቸኳይ ጉዳይ መኪናዎች ዘመናዊ አቅጣጫ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት የሥራ ሂደት ባለቤት
ባሉበት

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ልብዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ በተለይ ደግሞ ትንፋሽዎ ደህና እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎት፤ አላህ አያምጣውና አንድ ቀን ትንፋሽ ቢያጥርዎ ኦክስጅን ይዞ የሚመጣልዎት የራስዎ ጽሕፈት ቤት መኪና መሆኑን ሳስብ ስለምሰጋልዎት ነው።

ስሜ ናኢማ ይባላል። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ካሉት የገበያ አዳራሾች በአንዱ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የመጋረጃ ጨርቅ እነግዳለሁ። ጋሼ ሰብሐት ደግሞ በሱቄ ደጃፍ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው፣ እኔ የሸጥኩትን መጋረጃ በደንበኛ ልክ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ነበሩ ማለቴ ባለፈው ወር፣ በዕለተ ዓርብ፣ አስማቸው ተነሥቶባቸው ስለሞቱ ነው። እርስዎ ግን በፊርማዎና በማኅተምዎ አጅበው በላኩልኝ መልስ ላይ ሞቱ አላሉም፤ «በቦታቸው አልተገኙም» ነው ያሉት። በአደባባይ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው። ያ አባባል ከመዝገብዎ እንዲሰረዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከእንግዲህም ሌላ ሰው እንደ እሳቸው «ሳይገኝ» እንዳይቀር እፈልጋለሁ።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋና ይቅደም። እኛ የመርካቶ ሰዎች ድሮ በኋላቀርነት ስንኖር፣ አምቡላንስ የጠራ ሰው ወይ ራሱ ወይ ጎረቤቱ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ይቆምና፣ መኪናው ብቅ ሲል እጁን እያውለበለበ፣ ከፊት ከፊቱ እየሮጠ፣ ዕቃ የዘረጋውን እያስነሣ፣ ተሸካሚውን ገለል እያደረገ በሽተኛው ደጅ ድረስ ያደርሰው ነበር። ማንም አላስተማረንም፤ መርካቶ የሚውል ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እርስዎ ከዚህ አሳፋሪ ልማድ ገላገሉን። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ላፕቶፕ፣ በላፕቶፑም ጎን የምትሰካ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጂፒኤስ ሰጡ፤ ከሾፌሩ አጠገብም ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስክሪኑን ብቻ የሚያይ ባለሙያ መደቡ። መኪናው ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚጠይቀው አስፋልት ዳር የቆመውን ሰው መሆኑ ቀርቶ ሰማይ ላይ ያለውን ሳተላይት ሆኗል። ይህን ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስላሰባችሁልን ውለታችሁን በምን እንደምንመልስ አላውቅም።

ቅሬታዬን በጽሕፈት ቤትዎ ወግ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ/ መንገዶቻችንን የመዘገባችሁት እሑድ እሑድ ነው። የአዳራሻችን ዘበኛ ጋሼ ካሳ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ባለሙያዎቻችሁ ላፕቶፓቸውን ከፍተው በመኪና ሲዞሩ የሰነበቱት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ መንገዱ መሐል ውሻ ተጋድሞ በሚውልበት ቀን ነበር። ጋሼ ካሳ ምነው በሥራ ቀን አትመጡም ብለው ቢጠይቋቸው፣ በሥራ ቀን መኪና አያሳልፍም ብለው መለሱላቸው። ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ይህን መልስ አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡልኝ። በሥራ ቀን እንደማያሳልፍ እያወቁ፣ እሑድ ያለፉበትን ሁሉ መንገድ ነው ብለው መዘገቡት። ስለዚህ መሣሪያችሁ የሚያውቃት መርካቶ ሰው የሌለባት መርካቶ ናት። ዓርብን ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ዓርብ ቀትር ላይ የአንዋር ዙሪያ በሰጋጅ እንደሚሞላ፣ መስጊዱ የጠበበው ሁሉ አስፋልቱ ላይ መስገጃውን አንጥፎ እንደሚሰግድ፣ ስለዚህ በዚያ ሰዓት መኪና በአብነት ሰፈር በኩል ዞሮ እንደሚገባ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የታክሲ ረዳቱም ሊስትሮውም ያውቃል። ከመርካቶ ፍጥረት ሁሉ ይህን የማያውቀው በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ላፕቶፕ ብቻ ነው።

2ኛ/ ጋሼ ሰብሐት ትንፋሽ ያጠራቸው በዚያው ሰዓት ነበር። ወዲያው ደወልኩ። በአብነት በኩል ኑ፣ እኔ አስፋልቱ ላይ ቆሜ እቀበላችኋለሁ አልኩ፤ ስልኩን ያነሣችው ልጅም እሺ አለችኝ። ምሳ ይዘውላቸው መጥተው የነበሩትን ባለቤታቸውን እትዬ እታለምን አጠገባቸው ትቼ ሮጥኩ። እውነቱን ለመናገር መኪናችሁ አልዘገየም፤ በአብነት በኩልም ነበር የመጣው። ሾፌሩ ከሩቅ አይቶኝ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ እኔም ሻርፔን እያውለበለብኩ ከፊቱ ገባሁ። ያን ጊዜ ባለሙያዎ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ እትዬ፣ ሲግናል እየረበሹብን ነው፣ ዘወር ይበሉ አለኝ። እኔ ሱቄ ደጃፍ የሚንጫጩትን ደላሎች እንኳ ጸጥ ማሰኘት ያቃተኝ ሴትዮ፣ ሳተላይት የመረበሽ አቅም እንዳለኝ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ሾፌሩ፣ ሴትዮዋ እኮ ቤቱን ታውቀዋለች ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለሙያው ደግሞ፣ ከመስመር ከወጣን መሣሪያው ይመዘግበዋል፣ በግምገማ እናልቃለን አለው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለችው ሴት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ መኪናውም እኔን አስፋልት ላይ ትቶ ወደ አንዋር ዞረ።

ባለሙያውን አልፈርድበትም ማለት ይቀናኝ ነበር፤ ግን እፈርድበታለሁ። ሰው ታፍኖ እየሞተ ነው ብዬ መስኮቱን ስይዝ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። በሌላ ቀን ብንገናኝ በመልኬ እንደማያውቀኝ እርግጠኛ ነኝ።

3ኛ/ መኪናው ሳይረኑን እያስጮኸ ሰጋጆቹ መሐል ገባ። ሰው ሶላቱን አቋርጦ፣ መስገጃውን እየጠቀለለ መንገድ ለቀቀለት፤ ሽማግሌዎች በባዶ እግራቸው ወደ ዳር እየተገፉ ወጡ። አንድም ሰው እንዳልተቆጣ የነበሩት ሁሉ ነግረውኛል፤ ነፍስ ሊያተርፍ ነው ብለው ነዋ! ያን ሁሉ ሰው ከፈጣሪው ፊት አስነሥታችሁ የሄዳችሁት ግን ወደ ግንብ ነበር። ጂፒኤሱ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳተላይት አይዝም፤ ስለዚህ ባለሙያዎቻችሁ እሑድ ዕለት አዳራሻችንን የመዘገቡት ውጭ፣ ከጀርባው ግንብ ሥር ቆመው ነው። ላፕቶፑም በታማኝነት እዚያው ወስዶ፣ በር በሌለበት ግንብ ሥር ደርሳችኋል አላቸው። እነሱም ሞተር ሳያጠፉ ተቀምጠው በሽተኛው እንዲመጣላቸው ጠበቁ።

ከግንቡ ወዲህ ጋሼ ሰብሐት የስፌት መኪናቸውን ተደግፈው ሳይረኑን ይሰሙ ነበር። እያለከለክሁ ስመለስ መናገር አቅቷቸው በእጃቸው ወደ ግንቡ አመለከቱኝ። መጡ ጋሼ፣ መጡ፣ አይዞዎት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ኦክስጅኑ ሱቄ ውስጥ ካለው የጨርቅ መደርደሪያ ጀርባ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ያን ያህል ቅርብ ነበር። አንድ ተሸካሚ ሊጠራቸው አዳራሹን ዞሮ ሮጠ፤ እሱ እስኪደርስ ግን ሳይረኑ መራቅ ጀመረ። ጋሼ ሰብሐትም ሲርቅ ሰሙት። ሊሰፉት ለክተው ባስቀመጡት መጋረጃ ላይ አስተኝተን፣ ተሸካሚዎች ጫፍ ጫፉን ይዘው አስፋልት አወጧቸው። ታክሲ ውስጥ ስናስገባቸው ትንፋሽ አልነበራቸውም።

4ኛ/ አቤቱታዬን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነበራችሁ፤ ደግሜ ብመጣም ስብሰባው አላለቀም ነበር። በመጨረሻ መልስዎ በጽሑፍ ደረሰኝ። መኪናው በመሣሪያው ማረጋገጫ መሠረት በተመዘገበው ቦታ ላይ በወቅቱ ደርሷል ይላል። ታካሚው በቦታቸው አልተገኙም ይላል። አልፎም፣ ግለሰቧ ከመኪና ፊት በመቆም ስምሪቱን አውካለች፣ መኪና እመራለሁ ብሎ አስፋልት ላይ መቆምም ለኪራይ ሰብሳቢነት በር የሚከፍት በመሆኑ ወደፊት እንድትታረም ሲል ይመክረኛል። ክቡር ሆይ፣ የሚሞት ሰው ደጅ መንገድ በማሳየት ምን ዓይነት ኪራይ እንደሚሰበሰብ ባላውቅም፣ ምክርዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ።

ደብዳቤዎን ለእትዬ እታለም ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ፣ ታዲያ የት ነበር? ብለው ጠየቁኝ። ዓይናቸው እያየ የሞተውን ባላቸውን፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት አልነበረም ስላለ፣ የት ነበር ብለው እኔን ጠየቁኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጽሕፈት ቤትዎን እጸየፈዋለሁ። ለዚህ የሚሆን የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ጽፌዋለሁ።

በመሣሪያው ላይ ቂም የለኝም። ላፕቶፕና ጂፒኤስ እዚሁ መርካቶ፣ ዱባይ ተራም ይሸጣል፤ አገር አቋርጦ ለሚነዳ፣ የሚጠይቀው ሰው ለሌለው ሾፌር ይጠቅም ይሆናል። ጣሪያ ሥር ማየት እንደማይችል ሻጩ ራሱ ይናገራል፤ መሣሪያው አልዋሸም። የዋሸው ሰው ነው፤ ማሽኑ ያላየውን የለም ብሎ የፈረመ፣ ወንበር ያለው፣ ደመወዝ ያለው ሰው። ሰሞኑን ደግሞ በግድግዳችሁ ላይ የተላኩት መኪናዎች መቶ በመቶ እንደደረሱ የሚገልጽ ማስታወቂያ መለጠፋችሁን አይቻለሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ። በግንቡ ሥር የቆመውም መኪና ከመቶው ውስጥ መቆጠሩን በማወቄ ከልብ ኮርቻለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። «አልተገኙም» የሚለው ይሰረዝና ጋሼ ሰብሐት በቦታቸው እንደነበሩ፣ መኪናው ግን እንዳልደረሰላቸው በእጅዎ ይጻፍልኝ፤ ለእትዬ እታለም አነብላቸዋለሁ። ሾፌሮቻችሁም አስፋልት ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብ ሰው ሲያዩ፣ ግምገማ ሳይፈሩ እንዲከተሉት ይፈቀድላቸው። ለዚህ ጨረታ አያስፈልግም፣ ሥልጠናም አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ በብዙ ይቅርታ፣ በስብሰባዎችዎ መካከል ይህችን ደብዳቤ ለማንበብ ትንፋሽ የሚያገኙ ከሆነም በብዙ ምስጋና፣ የጽሕፈት ቤትዎን ደርሶ መቅረት ከግንብ ወዲህ ሆኜ የሰማሁ፣ በሳተላይት ረባሽነት የተመዘገብኩ፣ የእርስዎ ትሑት ተገልጋይ፣

ናኢማ፣ የመጋረጃ ነጋዴ
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ
ጥቅምት 2002 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በመልስዎ መጨረሻ ላይ፣ ለሪፖርታችሁ ማሟያ ይሆን ዘንድ የታካሚው ትክክለኛ መገኛ እንዲገለጽላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ይቅርታ፣ ሳልመልስ ቆየሁ። ጋሼ ሰብሐት በአሁኑ ሰዓት የሚገኙት ሰፈራቸው ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ፣ አፈሩ ገና ካልደረቀው መቃብር ውስጥ ነው። መኪና እስከ አጥሩ ይገባል። ላፕቶፑን ይዘው በፈለጉት ቀን ይሂዱ፤ በቦታቸው ያገኟቸዋል።