ከኋላዬ የወጣ ጭስ

ሰኔ 9

ጠዋት ጭጋግ። ረፋድ ላይ ጠራ። ንፋስ ከሰሜን፣ ለስላሳ።

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ደብተር ስከፍት ግን እጄ አሁንም መጀመሪያ የሚጽፈው የሰማዩን ነገር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአየር ጠባይ ጣቢያ ደመና ስትመዘግብ የኖረች ሴት ምን ታድርግ?

ላሞቹን አለብኩ። የግራ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ነበር፣ በጅማት ሰፋሁት። ከዚያ ባለፈው መኸር ከተራራው የለቀምኩትን ጥድ አውርጄ ወቀጥኩ። ደህና ደርቋል። መሬት ለመሬት የሚሳበውን ጥድ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ ከአንዱ ቁጥቋጦ አንድ ጊዜ ብቻ። ሥሩን የነካ ተራራውን አስቀየመ ትል ነበር እናቴ። ስወቅጠው ሽታው ቤቱን ሞላው... ገና ሳይጨስ ሰው ያጸዳል።

አንድ ከረጢት ሙሉ ለፓግማ ላኩላት። የልጄ የናንዲን አማት ናት። ናንዲን በዚህ ሳምንት ትወልዳለች፤ አራስ ያለበት ድንኳን ሳይታጠን አይሆንም። ጥሩ ጥሩውን ሰጠሁ። ለራሴ ደቃቁን አስቀረሁ።

ሰኔ 12

ሴት ናት!

ሉንደግ፣ አማቼ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው መጮህ የጀመረው። «እማማ! ሴት! ጩኸቷ ለጉድ ነው!»

«ካንተ ይብሳል?» አልኩት። ለምስራቹ ሞተሩ እጀታ ላይ ሰማያዊ ሐር አሰርኩለት። ጉንጬን ስሞኝ ሄደ።

አያት ሆንኩ። ሰማዩን ማየት ረሳሁ።

ሰኔ 15

ንፋስ ከሰሜን፣ መካከለኛ። ደመና የለም። ይህን ለምን እንደምጽፍ አውቃለሁ... ንፋሱ ምስክሬ ነው።

ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ በበግ መረቅ የምትታጠብበት። ማንም ና አላለኝም። አያት ተጠርታ ነው እንዴ የምትሄደው? ባዝራዬን ጭኜ ወንዙን ተሻገርኩ፣ ሁለት ሰዓት መንገድ።

ፓግማ በር ላይ ተቀበለችኝ። ፈገግታዋ ከጥርሷ አላለፈም። ሻይ ቀዳች፣ ስልባቦት አቀረበች፣ ሁሉም በወጉ። ልጅቷስ? «አሁን ተኛች፣ እትዬ ኖርጅማ።» መጋረጃው ውስጥ አየሁ... አፍንጫ ብቻ። አንዲት ቀይ አፍንጫ። ለመያዝ እጄን ስዘረጋ ፓግማ የሻይ ጽዋ አስጨበጠችኝ። ገና ያልጨረስኩት ሻይ አጠገቤ ተቀምጧል!

እንደ ወጋችን ጮክ ብዬ ሰደብኳት፦ «ምን ያለች አስቀያሚ ናት! እንቁራሪት!» አራስ ልጅን ቆንጆ ብሎ ክፉ ነገር የሚጠራ የለም። ናንዲን ሳቀች፣ ሉንደግም ሳቀ። ፓግማ አልሳቀችም። እጄን ነበር የምታየው።

ተሰናብቼ ወጣሁ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ባዝራዋን ላሳርፍ ቆምኩና ዞሬ አየሁ።

ከድንኳኑ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። የኩበት ጭስ ግራጫ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይሄ ነጭ ነው፣ ወፍራም። ወዲያው ንፋሱ ሽታውን አመጣልኝ።

ጥድ። የኔ ጥድ! ገና ኮረብታውን ሳልወርድ ቤቱን ከኔ እያጸዱት ነው። ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ ወቅጬ በሰጠኋቸው ጥድ!

ሰኔ 16

ተናድጃለሁ። ወተቱም ገንፍሎ ፈሰሰ።

ሰኔ 18

ደመና ከምዕራብ። ጠብታ ብቻ፣ ዝናብ አይባልም።

ጋሼ ጅግጅድ ጠጉረ ረጃጅም ከብቶቹን፣ ያኮቹን፣ እየነዳ ሲያልፍ ሻይ ብሎ ገባ። ጎረቤቴ ነው፣ ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ ጆሮው የሚሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው። ነገርኩት።

«እስቲ ተይ፣» አለ። «ምናልባት ዝንብ ገብቶባቸው ይሆናል።»

«ዝንቧ እኔ ነኛ!»

ሳቀ። ከዚያ ጢሙን እያሻሸ... «ያው፣ ያ እጅሽ ነዋ። የሞተ ይዟል። ሰው ያወራል።»

የማንን ሬሳ ነው የያዝኩት? የፓግማን አባት!

ሚያዝያ ውስጥ ሽማግሌው ሳምቡ ሲሞቱ መነኩሴያችን ላማው መጽሐፉን ገልጦ «ገላውን መጀመሪያ የሚነካው በዶሮ ዓመት የተወለደ ሰው ይሁን» አለ። የኛ ዓመት በአሥራ ሁለት እንስሳ ይዞራል፣ የኔ ዶሮ ነው፤ ከራሳቸው ቤት በዶሮ ዓመት የተወለደ አልተገኘም። ፓግማ መጣች፣ ይህችው ፓግማ፣ በበረዶ፣ እዚሁ ደጃፌ ላይ ተንበርክካ። «እትዬ ኖርጅማ፣ ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም።» እሺ አልኳት። አንድ ቃል ሳልጨምር። ዓይናቸውን ከደንኩ፣ ገላቸውን አጠብኩ፣ ፊታቸውን በሰማያዊ ሐር ሸፈንኩ። ከቀብር መልስ እንደ ሁሉም ሰው በሁለት እሳት መሃል አለፍኩ። አርባ ዘጠኙን ቀን ሰው ቤት ሳልገባ ቆጠርኩ። በሃምሳኛው ላማው ራሱ አጠነኝ። ሌላ ምን ቀረኝ? እጄን ልቁረጠው?

ለሰው ሞት አነሰው።

«ዝም በይ ልጄ፣» አለ ጋሼ ጅግጅድ ሲወጣ። «ዝም አይነቅዝም።»

የኔስ ነቅዟል።

ሰኔ 21

ናንዲን ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እማዬ... ትንሽ ቆይተሽ ብትመጪስ? እማማ ፓግማ እትብቷ እስኪወድቅ ብለዋል።»

«እትብቷ አልወደቀም?»

ከድንኳኑ ወጣ ስትል በሩ ሲዘጋ ተሰማኝ።

«ናንዲን?»

«ትናንት ወድቋል።»

ስልኩን ዘጋሁባት። ምን አጠፋች ልጄ? መልሼ ልደውል ብዬ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጣሁ። እዚያ ስደርስ ንዴቴ ተመለሰ። ሳልደውል ወረድኩ።

ሰኔ 24

ሙቀት። ንፋስ የለም። ዛሬ የሆነውን በቀይ እስክሪብቶ ነበር መጻፍ።

ሉንደግ መጣ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ባዶውን ከረጢት እጁ ላይ ሳየው ገባኝ።

«ጥዱ... አልቋል፣ እማማ።»

«ዓመት የሚበቃ ነበር የሰጠኋችሁ!»

«እንግዳ ይበዛል። እናቴ ሰው በወጣ ቁጥር ታጥናለች።»

«ሰው ሁሉ ሲወጣ?»

«ሁሉም ሲወጣ።»

ይሄ ትንሽ አበረደኝ። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም... «እኔ ስወጣም እንደዚያው?»

ይሄ ልጅ መዋሸት አያውቅበትም። የወደድኩትም ለዚሁ ነው። የባርኔጣውን ጠርዝ ማዞር ጀመረ።

«ለእርስዎ... ሁለት ጊዜ።»

ሁለት ጊዜ!

«ሂድና ለእናትህ ንገራት። እኔ ራሴ የምባረርበትን ጥድ ከእንግዲህ አልወቅጥም። ተራራው እዚያው አለ፣ ትውጣና ትልቀም!»

ባዶ ከረጢቱን ይዞ ሄደ። ደስ አለኝ። እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ ደስ አለኝ።

ሰኔ 25

ከረጢቱ ዓይኔ ላይ ይመጣል። ለአራስ የተጠየቀ ጥድ ከልክዬ አላውቅም። ይሁን! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሰኔ 27

ናንዲን እያለቀሰች ደወለች። ልጅቷ ታስላለች። ጡት ይዛ ትለቃለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም መጥታ አይታ «ጭሱን አቁሙ» ብላ ነበር። ፓግማ ግን ክፉ ዓይን ነው ብላ ብሶባታል፣ በቀን ስድስት ጊዜ ታጥናለች። ጥድ ሲያልቅባት ተራራ ወጥታ ያገኘችውን ነቅላ መጣች። እርጥቡን። ከነሥሩ!

እርጥብ ጥድ እንኳን አራስ፣ የበሬ ሳንባ ያንቃል። ይህን የማያውቅ አለ?

እኔ ደረቁን ሰጥቼ ቢሆን... አዎ፣ እጽፈዋለሁ፣ ማን ያየዋል። እኔም አለሁበት። ይሄ ደግሞ ከሁሉም በላይ አናደደኝ። ነገ እሄዳለሁ።

ሰኔ 28

ንፋስ የለም። ጭስ በቆመበት የሚቀርበት ቀን። ይህን ገና ከቤት ስወጣ አውቄ ባዝራዋን አስሮጥኳት።

አልተጠራሁም፣ አላንኳኳሁም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ከሰው አይተያይም። መጀመሪያ የጣሪያውን መሸፈኛ በገመዱ ስቤ ከፈትኩ። ከዚያ የግድግዳውን ሱፍ ከታች ጠቅልዬ ወደ ላይ አሰርኩ፣ በዚህ ሙቀት ድሮም ተጠቅልሎ መዋል ነበረበት። ከዚያ ገብቼ ልጅቷን ከአልጋዋ አነሳሁ። በእነዚህ እጆቼ። ይዣት ወጣሁ።

እንዴት ትቀላለች! አንድ ጠቦት አታክልም። ሳለች፣ ሳለች፣ ከዚያ አየሩን ስታገኝ ዝም አለች። አየችኝ መሰለኝ።

ፓግማ ማጠኛዋን እንደያዘች ተከትላኝ ወጣች። ዓይኗ ከልጅቷ ይልቅ ቀልቷል።

«እትዬ ኖርጅማ፣ ልጅቷን ስጪኝ!»

«አልሰጥሽም! ቆሻሻ የምትፈልጊ ከሆነ እኔ እዚህ ነኝ። ነይ፣ ፊት ለፊቴ አጥኚኝ። ከኋላዬ ግን ምን የሚሉት ነው? አባትሽን የያዝኩበት እጅ ነው! ያኔ ተንበርክከሽ የለመንሽው እጅ! ያኔ ንጹህ ነበር?»

ናንዲን በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሉንደግ አጥር እያየ... እዚያ ግቢ አጥር እንኳ የለም፣ ምኑን እንደሚያይ እንጃ።

ፓግማ ማጠኛውን ሳር ላይ አስቀመጠችው። ቁጭ አለች፣ እዚያው።

«ቆሻሻ ብዬ አይደለም፣» አለች። «እጅሽን ሳየው አባቴ ይታየኛል። ሻይ ስትይዢ፣ ልጓም ስትይዢ... እሱ ነው የሚታየኝ። ካጠንኩት የሚሄድ መስሎኝ ነበር።»

«እና ይሄ የኔ ጥፋት ነው?»

«አይደለም።»

እውነቱን ልጻፍ፣ አላዘንኩላትም ገና። ደሜ እንደፈላ ነው። ደግሞ የነቀለችው ጥድ በሩ ጥግ ተከምሯል፣ ሥሩ ላይ አፈር አለ። የመቶ ዓመት ቁጥቋጦ! ስለሱም ልናገራት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ፊቱ እንዴት ነበር?»

«ማ?»

«አባቴ። ስገባ ተሸፍኖ ነበር። ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ፈርቼ።»

ለካ አላየቻቸውም። እኛ ዘንድ ፊቱ አንዴ ከተሸፈነ አይገለጥም፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ወር ሊሞላው ነው፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ማን ጠየቀኝ? ሰው የሚያወራው ስለ እጄ ነው፣ እጄ ምን እንዳደረገ ግን የጠየቀ የለም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ልጅቷን እንደታቀፍኩ።

«እንደ ተኛ ሰው ነበሩ፣» አልኳት። «ግንባራቸው አልተቋጠረም። ጢማቸው ላይ ስልባቦት ደርቆ ነበር፣ በግራ በኩል። ለብ ባለ ወተት አርሼ ጠረግኩላቸው።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔ ነኝ ያበላሁት፣» አለች። «ጠዋት። ሁለት ማንኪያ። ጢሙን ልጠርግለት ስል ላሟ ጮኸች፣ ልለባት ወጣሁ... ስመለስ ሞቷል ብለው ከበሩ መለሱኝ...»

ከዚያ በኋላ ለቅሶ ነው። ሁለት ወር ከምናምን የታፈነ ለቅሶ እንደ ውሃ ሙላት ነው የሚመጣው። እኔም አለቀስኩ መሰለኝ። ልጅቷ ግን ተኛች። ጎበዝ።

ቀና ስትል ቀኝ እጄን ያዘችው። ያንኑ እጅ። አገላብጣ አየችው፣ የሆነ ነገር የጠፋባት ይመስል። ግንባሯን አስነካችው።

ስነሳ ስለ ጥዱ ሥር ነገርኳት። አልተውኩላትም። ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች።

ሰኔ 29

ዝናብ፣ ደህና ዝናብ። ናንዲን ደወለች፣ ትጠባለች። ደረቅ ጥድ ላክሁ፣ በትንሽ ከረጢት። አንድ ቁንጥር፣ ጠዋት ብቻ፣ ጣሪያው ተከፍቶ አልኩ።

ሐምሌ 6

ጠራ። ንፋስ ከሰሜን፣ ልክ እንደዚያ ቀን።

ዛሬ ተጠርቼ ሄድኩ። ልጅቷ በወጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድንኳን የምትወጣበት ቀን ነው፤ ያኔ እኔ ይዣት የወጣሁት አይቆጠርም። ክፉ ነገር ጥንቸል መስላው እንዲያልፍ ከድስት ቂጥ ጥላሸት አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ይቀባል። ማን ይቀባ ሲባል ሁሉም ፓግማን አየ። ፓግማ ድስቱን ወደኔ ገፋችው።

«እትዬ ኖርጅማ ትቀባት። እጇ ደህና ነው።»

ደህና ነው! እኔ ደግሞ ደህንነቱን ያወቅኩት ዛሬ መሰላት እንዴ? አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ቀባሁ። አበዛሁት መሰለኝ፣ ጉንጯም ጠቆረ። «አሁንማ እውነተኛ አስቀያሚ ሆነች!» አለ ሉንደግ። ፓግማ ሳቀች፣ በጥርሷ ብቻ አይደለም።

ስወጣ ፓግማ የባዝራዋን ልጓም ያዘችልኝ። መኸር ሲደርስ አብረን ተራራ እንውጣ አለች፣ አለቃቀሙን ላሳያት። «ቁጥቋጦውን ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ መጀመሪያ፣» አልኳት። «እሺ፣» አለች።

ኮረብታው ጫፍ ላይ ባዝራዋ እንደ ልማዷ ቆመች። ንፋሱ ጀርባዬን ይነካኝ ነበር። አንገቴ ሊዞር ሲል ልጓሙን ሳብ አደረግኩ።

የዛሬ ምዝገባ፦ ሰማይ፣ ጥርት ያለ። ንፋስ፣ ከሰሜን። ጭስ፣ ዞሬ አላየሁም።