ገጹን የያዘችው እጅ

ፋርስታ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለራኬብ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔና እናትሽ በጤና ደኅና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ሞክሬ አቅቶኝ ነው፤ ቶሎ እንዲደርስሽ በኢሜይል እልከዋለሁ።

ኖርዊች መዝገብ ቤት እየሄድሽ ፎቶ ያነሳሽልኝን የምድጃ ግብር መዝገብ ሳነብ ከረምኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚህ ደስ ያለኝ ሥራ የለም። እናትሽ «ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት የሞቱ እንግሊዞች ስንት ምድጃ እንደነበራቸው ማወቅ ለማን ይጠቅማል?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ግብር ሰብሳቢው በየቤቱ እየገባ ምድጃ ሲቆጥር የሰዎቹን ኑሮ ሳያስበው ጽፎልን እንደሄደ፣ ማን እንደደኸየ፣ ማን እንደሞተ ከዚያ እንደሚታወቅ አስረዳታለሁ።

ባለፈው ወር የደወልኩልሽ ትዝ ይልሻል? አንድ ዓመት በባልየው ስም የተጻፈው ቤት በሚቀጥለው ዓመት በሚስትየዋ ስም ሆኖ ባገኘው ጊዜ፣ «ባልየው ከቤቱ ጠፍቷል፤ የት እንደገባ ፈልጊልኝ» አልኩሽ። እየሳቅሁ ነበር። አንቺ ዝም አልሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል፣ «እሺ አባዬ፣ አያለሁ» አልሽኝ።

እሑድ ዕለት እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ከኋላዬ ቆመችና ኮምፒውተሩን አየች።

«ይቺ የማን እጅ ናት?»

ገጹ እንዳይታጠፍ ጠርዙን በግራ እጅሽ ተጭነሽ ነው የምታነሺው። በሁሉም ፎቶ ላይ እጅሽ አለች።

«የራኬብ ናታ» አልኳት።

«ቀለበቷስ?»

ወደ ኋላ እየመለስኩ አየሁ። ሰኔ ላይ ባነሳሻቸው ቀለበቱ አለ። ከመስከረም ወዲህ ባሉት የለም። ጣቶችሽም ከስተዋል። የደበዘዘች ፊደል ሳትቀር አጉልቼ የለቀምኩ ሰውዬ የልጄን እጅ አላየሁም። እናትሽ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ወዲያው ደወልኩልሽ። ስለ ባልሽ ስለ ጆናታን ልጠይቅሽ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ከአፌ የወጣው «ያ ከመዝገቡ የጎደለው ገጽ ተገኘ?» የሚል ሆነ። «ሐሙስ እሄዳለሁ» አልሽኝ። ስዘጋው እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንዴት እንዳየችኝ አልጽፍልሽም።

ልጄ፣ ሐሙስ አትሂጂ። ከእንግዲህ ምንም ገጽ አልፈልግም። ያልነገርሽን በራስሽ ምክንያት ይሆናል። ነግረሽኝ ሳልሰማሽ ቀርቼም ይሆናል፤ የበለጠ የምፈራው ይህን ነው።

እናትሽ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አንቺ ጋ ትመጣለች። ቲኬቷን ቆርጣለች። እኔም ብመጣ ደስ ይለኛል። ብቻዋን ትምጣ ካልሽ ግን አልቀየምም፤ ለእሷ ንገሪያት።

ልጅ ሳለሽ ከትምህርት ቤት ሮጠሽ መጥተሽ የዋልሽበትን በስዊድንኛ ስትጀምሪልኝ፣ «በአማርኛ» እያልኩ አቋርጥሽ ነበር። ቃሉ ሲጠፋሽ «ተወው አባዬ» ብለሽ ወደ ክፍልሽ ትገቢያለሽ። ቋንቋ ያስተማርኩሽ ይመስለኝ ነበር። አሁን በፈለግሽው ቋንቋ አውሪኝ። ወይም ዝም በይ፤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

እመብርሃን ከደጅሽ አትራቅ። እንቅልፍሽን የሰላም ታድርግልሽ።

አባትሽ ሣህሉ