የእርሳሱ ጎን

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ከአልጋ ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ እንደ በርሜል ተንከባልዬ ወረድኩ። ሚስቴ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች።

«ምነው?»

«ምንም።»

ካልሲ ማጥለቅ ግን አቃተኝ። ያለ ካልሲ ቦቲዬን አደረግሁና ወጣሁ።

ውሃው ጸጥ ያለ። ማታ የጣልነውን መረብ ስበን ሦስት ሳጥን ዓሣ አወጣን። ጥሩ ቀን ነው ይባላል። ለማን? እኔ ከመረቡ ግማሽ በኋላ ዓሣም አላየሁ፣ ቀን ጨለመብኝ። ይሄ ወገብ የሚባል ጠላት! አርባ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን አሁን ይከዳኛል?

ታናሽ ወንድሜ ፊት ለፊቴ ሆኖ እየሳበ ያፏጫል። ማፏጨቱን ነው መስማት የማልችለው።

ጥቅምት 5

ዛሬማ ጎንበስ እንዳልኩ ይዞኝ ቀረ። ቀና ማለት የለ፣ መቀመጥ የለ።

«ጋሼ፣ ደከመህ እንዴ?» አለኝ ታናሼ፣ በዚያ ማር በተቀባ ድምፁ። «ካልቻልክ ንገረኝ። የሚስቴ ወንድም ሥራ ፈቶ ነው ያለው። ለአንድ ወር ቢገባልህ...»

ለአንድ ወር! ማንን ሊያሞኝ ነው? ለአንድ ወር ብሎ ጀልባ ላይ የወጣ ሰው መቼ ወርዶ ያውቃል?

ጀልባችን ላይ ያለው ሁለት ቦታ ነው። የቡሹ ጎንና የእርሳሱ ጎን። የመረቡ ላይኛው ገመድ ቡሽ አለው፣ ይንሳፈፋል፣ ማንም ይስበዋል። ታችኛው ገመድ ላይ የእርሳስ ቁራጮች ታስረዋል፤ መረቡን መሬት ለመሬት የሚያስይዙት እነሱ ናቸው። ያንን የሚስብ ነው አጥማጅ የሚባለው። አባታችን ሲሞት ታናሼ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ቡሹን ለእሱ ሰጠሁ፣ እርሳሱን እኔ ያዝኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ። አሁን ተነስቶ ሊያወርደኝ? እኔ በቁሜ እያለሁ? ይሞክራታ!

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ሚስቴ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የወገብ ባለሙያ መጥታለች አሉ። ልጅ እግር ናት፣ ቦቲዬን የምታክል። ተጫነችኝ፣ እግሬን ሰቀለች፣ አገላበጠችኝ...

«በወገብዎ አይሳቡ። ጉልበትዎን አጠፍ፣ እግርዎን ከፈት ያድርጉና በእግርዎ ይሳቡ። እየሳቡ ደግሞ ወደ ጎን አይጠማዘዙ።»

«ዓሣ አጥምደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው!»

ብትቆጣ ደስ ባለኝ። አልተቆጣችም። በጀርባው የተኛ ሰውዬ የተሣለበት ወረቀት ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት ዳሌን ከፍ፣ ዳሌን ዝቅ። በዚህ ዕድሜዬ!

«ለሥራ ጓደኛዎም ይንገሩት» አለች ስወጣ። «ከባዱን ተራ በተራ ብትይዙት...»

ድንቄም ተራ በተራ! ሞቼ ነው ለእሱ የምነግረው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ሥራ የለም። መረቡ ግቢ ውስጥ ተዘርግቷል። የተቀደደውን መስፋት የእኔ ፋንታ ነው፣ ታናሼ መርፌ መያዝ አያውቅም፣ ትዕግሥቱም የለው። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ እርሳሶቹን አየኋቸው። በየክንዱ አንድ፣ በየክንዱ አንድ... ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል? ማነው ያለው?

አንድ እየዘለልኩ ፈታሁ። ሰባ ሁለት ቁራጭ። በዱቄት ከረጢት ከትቼ አልጋ ሥር ገፋሁት። ስገፋው ወገቤ ጮኸ። ይጩህ፣ የመጨረሻው ነው።

የማውቀው እኔ ብቻ። እኔና ይሄ ደብተር።

ጥቅምት 11

ቀለለ! እንደ ጎረምሳ ሳብኩት። ታናሼ ማፏጨቱን ትቶ አፈጠጠብኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን በልተህ ነው?»

ቆሽቱ አሯል። እሰይ። ሁለት ሳጥን።

ጥቅምት 14

አንድ ሳጥን። ነፋስ ነበር።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ግማሽ ሳጥን። ነፋስ የለም።

ነፋሱ እንዳልሆነ መቼ ጠፋኝ። እርሳስ ሲያንሰው መረቡ ከመሬት ይነሳል፤ ዓሣው ሥር ሥሩን ሾልኮ ይሄዳል። ይሄን ለታናሼ ያስተማርኩት እኔው! እርሳሶቹን መልሼ ልሰራቸው? ከዚያስ? በሁለተኛው ቀን ገመዱ ላይ ተደፍቼ ሊያየኝ ነው? የሚስቱ ወንድምስ? በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ አይደል?

ትንሽ ልቆይ... ዓሣውም ይመለስ ይሆናል።

ጥቅምት 19

ታናሼ ምክንያቱን አገኘው። ሌባ ነው አለ። ጉርዱ ነው አለ።

ጉርዱ የምንለው መረቡን ከእኛ አጠገብ የሚጥለውን አጭር ሰውዬ ነው። ለፍላፊ ነው እንጂ እጁ አመል የለበትም። «ከእኛ ቀድሞ እየወጣ መረባችንን እያራገፈ ነው» አለ ታናሼ። «የእሱ ሳጥን ሞልቶ የእኛ እንዴት ይጎድላል? አንተ ምን ትላለህ ጋሼ?»

የጉርዱ ሳጥን የሞላው ከእኛ ሥር ያመለጠው ዓሣ እየሄደ እሱ መረብ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ይሄን ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት «ይሆናል» ነው።

ይሆናል! ምላሴን ይቁረጠው።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተያያዙ። ጉርዱ «ልጆቼን! አልነካሁም!» እያለ ይምላል፤ ታናሼ አይሰማም፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። መቅዘፊያውን አነሳ... የጉርዱን ቅንድብ ፈነከተው። ሸሚዙ በደም ራሰ። ሰው ሮጦ ገላገላቸው።

እኔ የት ነበርኩ? ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ። ወገቤ ይዞኝ ነው ልበል? ዛሬ እንኳ አልያዘኝም። በሚፈለግበት ቀን ደህና ሆኖ ዋለ፣ እርጉም!

«ጋሼ፣ አንተም ንገራቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ታናሼ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ ሰርቆናል፣ በሚል።

የአጥማጆች ማኅበር ማክሰኞ ይሰበሰባል። ጉርዱን ሊያባርሩት ነው የሚባለው። ከዚህ ከተባረረ ጀልባውን የት ያቆማል?

ጥቅምት 22

ሚስቴ ወለል ስታጥብ ከረጢቱን አገኘችው። የአጥማጅ ልጅ ናት፣ ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እፍኝ እርሳስ ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ወንድምህ የሰው ግንባር ይፈነክታል፣ አንተ ምክንያቱ ላይ ተኝተሃል!»

ጮህኩባት። ጮኸችብኝ።

«እና ምን ልበለው?»

«ወገቤን አመመኝ በላ! ሁለት ቃል ናት፣ ምን ይከብዳል?»

ሁለት ቃል። እሷ ምን ታውቃለች። ከሰባ ሁለት እርሳስ ይከብዳል። ካልኩት በማግስቱ ቦታዬ የለም። ካላልኩት ደግሞ ጉርዱ...

ምሳ አልሰጠችኝም። አልጠየቅሁም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ከረጢቱን ተሸክሜ ሄድኩ። ሳነሳው እግሬን ከፍቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ ነው፣ ያቺ ልጅ እንዳለችው። ምንም አልተሰማኝም። ልክ መሆኗ ራሱ አናደደኝ።

ያ ሁሉ ሰው ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ግማሹ እየተንከባለለ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ጉርዱ አልሰረቀም። ወገቤን አመመኝ። እንዲቀለኝ ብዬ እኔ ነኝ የፈታሁት።»

ጉርዱ ቅንድቡ ላይ ፕላስተር እንደለጠፈ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ... እኔን ሌባ ያሰኘኝ ያንተ ወገብ ነው?»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ አውካካ። መሬት ብትከፈት ደስታዬ ነበር። ታናሼ ብቻ አልሳቀም፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሄዶ ጉርዱ ፊት ቆመና ይቅርታ አለ። ከዚያ ተንበርክኮ እርሳሶቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ልረዳው ብል እጄን ገፋው።

በሩ ላይ ሲያልፈኝ፣ «ነገ እንዳትመጣ» አለ።

ጋሼ የለ፣ ምን የለ።

ጥቅምት 26

ጀልባዋ ያለ እኔ ወጣች። በመስኮት አየሁ። የሚስቱ ወንድም ቦታዬ ላይ ጉብ ብሏል፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገልብጦ። ይድፋው!

ምን ልሥራ? ያንን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። ዳሌ ከፍ፣ ዳሌ ዝቅ። ለጤና አይደለም፣ በእልህ ነው።

ጥቅምት 29

ዳሌ። እልህ። ጤና ጣቢያ።

«ተሽሎዎታል» አለች ልጅቷ።

«ማን ጠየቀሽ?»

ትስቅብኛለች።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

የሚስቱ ወንድም ዛሬ ቀረ አሉ። እጁ ተልጧል፣ በሌሊት መነሳትም አልሆነለትም። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ! ክፉ ነኝ? ልሁና።

ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ታናሼ ነው። ግባ ብለው አልገባም። መረቡን ደፍ ላይ ወረወረው፣ ከረጢቱን ደግሞ እግሬ ሥር።

«እሰር» አለ። ሄደ።

ወንበር አምጥቼ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ሰባ ሁለቱንም አሰርኩ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ቋጠርኩ። ሚስቴ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ትናንት አመሻሽ ላይ መረቡን ጣልን። ና ሳይለኝ ሄድኩ፣ ተመለስም አላለኝ።

ዛሬ ማለዳ ልንስብ ስደርስ ታናሼ ቀድሞኝ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጧል። በእርሳሱ ጎን።

«ተነስ፣ ቦታዬ ነው።»

«ነበር» አለ፣ ሳያየኝ።

ደሜ ፈላ። ወርጄ ልሄድ አንድ እግሬን አነሳሁ። የት ልሄድ? ቡሹን ያዝኩ።

ለካ እንዲህ ቀላል ነው! ሃያ ሦስት ዓመት ይሄን ይዞ ነዋ የሚያፏጨው! ዛሬም ጀምሮ ነበር ፉጨቱን። መረቡ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ግን ጠፋ። ቀና አልኩ። ላብ ፊቱን ሞልቶታል። አንድ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ወገቡን ያዘ፣ ያላየሁት መስሎት፣ ቶሎ መለሰው።

ይሄን ለማየት ስንት ቀን ተመኝቼ ነበር። እንዳሰብኩት አልጣመኝም።

«በወገብህ አትሳብ» አልኩት። «ጉልበትህን አጥፈህ በእግርህ ሳብ። እግርህን ከፈት አድርግ።»

«ዝም በል ጋሼ፣ ሳብ!» አለኝ።

ጉልበቱን ግን አጠፈ።