በጋራዣችን ጣሪያ ላይ ስለሰቀልኩት የቀዶ ጥገና መብራት

ትርንጎዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እንጅባራ ጭጋጓን አልተወችም፤ እኔም ንዴቴን አልተውኩም። የተለወጠው ቤቱ ነው። መኪናዋ አሁን ውጭ ታድራለች። ይህን ብትሰሚ እንደምትቆጪ ስለማውቅ ሸራ አልብሻታለሁ። ጋራዡን ሙሉ በሙሉ የእንጨት ሥራ ቦታ አድርጌዋለሁ፤ ከቢሮ ስመለስ የምገባው እዚያ ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ የማታምኚውን ነገር ሰቅያለሁ፤ የቀዶ ጥገና ክፍላችሁን መብራት።

ሆስፒታሉ አዲስ መብራት ሲያስገባ አሮጌው ከተሰባበሩ አልጋዎች ጋር ለጨረታ ወጣ። ማስታወቂያውን እንዳነበብኩ ሄድኩ። አንድ ብረታ ብረት የሚሰበስብ ነጋዴ መብራቱን ስዞረው አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን ቤትዎ ሊሰቅሉት ነው? ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዋጋዬን ጽፌ አስገባሁ። እሱ የሚያየው በኪሎ የሚመዘን ብረት ነው። እኔ የማየው ከእኔ ይበልጥ ፊትሽን ሲያይ የኖረውን ነገር ነበር።

ልንገርሽ፤ በዚህ መብራት እቀና ነበር። ነርስ በሆንሽበት በዚያ ሁሉ ዓመት እስከ ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ድረስ አድርሼሻለሁ። ወለሉ ላይ ካለው ቀይ መስመር ወዲያ ግን ለእኔ አይፈቀድም። ከመስመሩ ወዲያ ያለችውን ትርንጎ የሚያውቋት ሌሎች ናቸው። ወደ ቤት የምትመለሰው ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ዝም የምትለው ነበረች። ንቃትሽ እዚያ ያልቃል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ድካምሽ ነው።

ለቅሶሽ ላይ ከዘንገና በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። «ሆዴን ሊቀድዱኝ ሲሉ ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «ሚስትህ በአገውኛ ቀልድ ነገረችኝና እየሳቅሁ ተኛሁላቸው።» ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር አንድም ቀን በአገውኛ ቀልደሽልኝ አታውቂም። አልሰማም እኮ፣ እሱ እውነት ነው፤ ቢሆንም ተናደድኩ። ቀልዱን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። «በአማርኛ አይሆንም» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

መብራቱን መስቀል ቀላል አልነበረም። የባሕር ዛፉ አግዳሚ ስለማይችለው ብረት አስበይጄ ከግድግዳ ግድግዳ አጋደምኩ። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ስለነበር ቀየርኩት፤ አምፖሎቹ ሙቀታቸው ስለማይቻል በኤልኢዲ ተካኋቸው። መጀመሪያ ያበራሁት ጊዜ መጋዙን ስይዝ እጄ ጥላ አልጣለም። ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ አንዱን ብትጋርጂው ሌላው ያየዋል። የዋንዛው ጅማት አንድ በአንድ ይታያል። ለሙት ዓመትሽ ለቤተ ክርስቲያን የምሰጠውን አትሮንስ የምሠራው እዚያ ሥር ነው።

አንድ ነገር ግን ጎደለው። መሃሉ ላይ መያዣ አልነበረውም። ጠርዙን ይዤ ስጎትተው ይዞርብኝ፣ መስታወቱም በጣቴ ይቆሽሽ ነበር። የሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። እጀታው ከጀርም እንዲጸዳ እየተፈታ በእንፋሎት የሚቀቀል ስለሆነ ለብቻው ይቀመጥ ነበር አሉኝ፤ የት እንደገባ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ንብረት አያያዛቸውን ምን እንዳልኳቸው አልነግርሽም።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ዶክተሩ ነበር፤ ለዓመታት አብረሽው የሠራሽው የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ አሁን ዳንግላ ያለው። በሚኒባስ መጥቶ ከአስፋልቱ በባጃጅ ወጥቷል። አረንጓዴ ጨርቅ ፈትቶ እጀታውን አወጣ። ወደ ዳንግላ ሲዛወር ለማስታወሻ አስፈቅዶ ወስዶት ኖሯል፤ መብራቱ እኔ ዘንድ እንዳለ ሲሰማ «ከቦታው ይግባ» ብሎ አመጣልኝ። ላመሰግነው ይገባ ነበር። እኔ ያሰብኩት ግን ይህ ሰው ከአንቺ የቀረ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲያይ መክረሙን ነው።

አትቆጪ። የማይገባ ነገር ጠርጥሬ አላውቅም፤ አንቺንም እሱንም አውቃለሁ። የምቀናው በሌላ ነው።

እጀታውን አጥብቆ አስገባና በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው። መብራቱ መጥቶ እሱ የፈለገው ቦታ ላይ ቆመ። «ይህን የማደርገው እኔ አልነበርኩም፤ ሲስተር ናት» አለ። «መብራት ብዬ ተናግሬ አላውቅም። እጄ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር።» ቀጠለና የሥራ ጠረጴዛዬን ግራ ጎን በእጁ አመለከተ። «እዚህ ጋ ነበር የምትቆመው።»

በገዛ ጋራዤ የሚስቴን ቦታ አሳየኝ። አንቺ እኔ ስሠራ ከበሩ አልፈሽ አታውቂም፤ ሰጋቱራው ያስነጥስሽ ነበር። ወንበር ሰጠሁት፤ ወሬ ግን አልሰጠሁትም።

ሊሄድ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ። «ጋሽ አዳነ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለኝ። «የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ። እኛ ቤተ ክርስቲያን በጸሎት እንድትታሰብ ለቄሱ ልሰጥ ፈልጌ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ቆመን ለካ አላውቀውም። ሲስተር ተብሎ ደግሞ ለቄስ አይሰጥ።»

መላጊያውን አንስቼ ስለቱን መጥረግ ጀመርኩ። ንጹሕ ነበር። ትርንጎ፣ ያ ስም የእኔ ነበር። የቆረብን ዕለት ቄሱ ሲጠሩሽ ሰማሁት፤ እናትሽ ካረፉ ወዲህ የምናውቀው የንስሐ አባታችንና እኔ ብቻ ነን። እጅሽን ሐኪሙ ያውቀዋል፣ ቀልድሽን ሽማግሌው ያውቁታል። ማንም ያልደረሰበት ይህ ብቻ ነበር። አላስታውሰውም ልለው አሰብኩ፤ ማን ያምነኛል? የሌላ ሰው ስም ልሰጠው ዳዳኝ። ግን ታውቂኛለሽ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር የተዛነፈ በር ፈትቼ እንደገና የምሠራ ሰው ነኝ። በተሳሳተ ስም የተደረሰ ጸሎት ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። የአንቺ የሆነ ነገር በእኔ ቅናት መንገድ ላይ ቢቀር ማን ይተካልሻል?

ነገርኩት። ከቀብርሽ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። ደግሞ እንዲለው አደረግሁት፤ መሃሉን አላልቶ ጠራው፣ አረምኩት፣ እንደገና አለው። ከዚያ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ። ባጃጅ እስኪመጣለት አብሬው ውጭ ቆምኩ። ደግ ሰው ነው። አልወደድኩትም።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ይህን ደብዳቤ ስለማሳትመው ብዙ ሰው ያነበዋል፤ ለእነሱ ትርንጎ ይበቃቸዋል። ለአንድ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም። እሱ እሑድ እሑድ ዳንግላ ያስጠራሻል። እኔ በየማለዳው ጋራዡን ስከፍት፣ ምንም ነገር ሳላበራ፣ በዚያ ስም እጠራሻለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አንድም ቀን አላስታጉልም። እሑዷን እንኳ ለእሱ ልተውለት ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። እሑድም የዳንግላ ደወል ሳይደወል እነሳለሁ።

ባልሽ አዳነ